ለብርቱካን ሰርግ ቢራቢሮ ፍለጋ ወደ አንጠልያስ

እሑድ ጠዋት ከምኖርበት ሰፈር ከቡርጅ ኤል ባራጅነህ የተነሣሁት ቢራቢሮ ላመጣ ነው። የምሠራላቸው አሮጊት፣ ሐጄ፣ ይህን ስነግራቸው የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩኝ።

"ዳቦ ላምጣ ብትዪ ይገባኛል። ቢራቢሮ ለምን?"

"ለሰርግ ነው፣ ሐጄ።"

"እናንተ ሀበሾች ቢራቢሮ ትበላላችሁ?" ብለው ራሳቸው ሳቁ፤ እኔም እየሳቅሁ ወጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብርቱካንና እኔ ወደዚህ ዓረብ አገር የመጣነው በአንድ አውሮፕላን ነው። እሷ የወላይታ ልጅ፣ ጴንጤ ናት፤ እኔ የሐይቅ ልጅ፣ ሙስሊም ነኝ። የወንበሩን ቀበቶ ማሰር አቅቶን አንዳችን የሌላችንን ስናስር በሳቅ ሞትን፤ ከዚያ ወዲህ እኅትማማች ነን። አሁን ዛልቃ ሰው ቤት ትሠራለች። በዚያው ሰፈር የሕንፃ ጠባቂ የሆነውን ተስፋዬን ልታገባ ነው። ከሁለቱም ወገን እዚህ አንድ ዘመድ የላቸውም።

ከአንጠልያስ በላይ ዳገቱ ላይ የሚኖሩ ዓሞ ኤልያስ የሚባሉ አዛውንት ቢራቢሮ ያረባሉ፤ ለሰርግ ይሸጣሉ። ብርቱካን ሐሙስ ሐሙስ ቤታቸውን ታጸዳላቸው ስለነበር "ስጦታዬ ቢራቢሮ ነው" ብለው ቃል ገብተውላታል። ሙሽራ በሰርጓ ቀን ዳገት አትወጣምና እኔ ተላክሁ።

"ሐዋዬ፣ ከአዳራሽ ስወጣ የሚሸኘኝ ወገን የለኝም። እነሱ ይሸኙኝ" አለችኝ በስልክ። እንዲህ ተብሎ እንዴት ባዶ እጅ ይመጣል?

ወደ ሰሜን

እስከ ዶራ በሰርቪስ ታክሲ ሄድሁ። እሑድ ዶራ የእኛ ናት። ሳምንቱን ሙሉ ቤት የዋለ ሁሉ እዚያ ይፈስሳል፦ ሽሮና በርበሬ የሚገዛ፣ ጸጉር የሚሠራ፣ ብር የሚልክ። መቶ ሺህ ሊራ፣ አንድ ዶላር ገደማ፣ ከፍዬ መነኡሼ፣ ዛዕተር የሚሉት ቅመም በዘይት የተቀባበት ትኩስ ቂጣ፣ ገዛሁ፤ ዘይቱ በእጄ እየወረደ ቫን ላይ ተሳፈርሁ።

ኦቶስትራድ በሚሉት ሰፊው አውራ ጎዳና ላይ ባሕሩ በግራ በኩል ያብለጨልጫል። ዛልቃ ስንደርስ ከአንድ የሶፋ ሱቅ በላይ ያለውን ለሰርጉ የተከራዩትን አዳራሽ አየሁት። መስኮቱ ላይ ነጭ ሪባን ያሰሩ ሴቶች ወንበር ላይ ቆመዋል። እጄን ባውለበልብም አላዩኝም።

አንጠልያስ ወርጄ የቀረውን በእግሬ ወጣሁ። መንገዱ ዳርና ዳር ሐምራዊ አበባ ያፈሰሱ ዛፎች አሉ። ስደርስ ቀሚሴ ከጀርባዬ ተጣብቆ ነበር።

የተቀደደው መረብ

ዓሞ ኤልያስ አንድ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኖ በር ላይ ጠበቁኝ። ሰሞኑን ኦፕራሲዮን ተደርገዋል፤ ሌላኛውም ተራውን እየጠበቀ ነው።

"አህላ፣ ያ ቢንቲ። ነይ ግቢ፣ ልጄ፤ ግን ችግር አለ" አሉኝ።

ከግቢው ጀርባ በመረብና በፕላስቲክ የተሸፈነ ቤት አላቸው። ውስጡ በመረብ ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ዓይነት ቢራቢሮ ለየብቻ ይኖር ነበር። ድመት ገብታ መሀሉን መረብ ቀደደችውና ሁሉም ተቀላቀለ።

ገባሁ። ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ከየቅጠሉ ላይ ብርቱካንማ ቢራቢሮዎች ተነሡ፤ የፊት ክንፋቸው ጫፍ ጥቁር፣ ጥቁሩ ላይ ነጭ ጠቃጠቆ። የሚያምር ነገር ነው። ግን ከጥቂት ጥቁሮች በቀር ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ።

"ዓሞ፣ ምኑ ነው የተቀላቀለው? ያው ናቸው እኮ።"

"ያው አይደሉም። አንዷ የዚህ አገር ናት። ወፍ ከቀመሳት ትመርረዋለች፤ ሁለተኛ አይነካትም። ሌላዋን ከአፍሪካ፣ ከሙቁ አገር ዘሯን አስመጥቼ ነው ያረባኋት። እሷ አትመርም። የመራራዋን ልብስ ለብሳ ነው ወፉን የምታታልለው።"

"ብልጥ ናት።"

"ብልጥ ናት፤ ግን ዛልቃ ላይ አልለቃትም። የሌላ አገር ነፍሳት ሜዳ ላይ መልቀቅ ልክ አይደለም።"

"እኔም ከአፍሪካ ነኝ፣ ዓሞ። ልታስቀሩኝ ነው?"

ሳቃቸው እስከ ሳል አደረሳቸው። "አንቺ ቅጠሌን አትበዪብኝም" አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ቀነሰ። "ሌላ ጊዜ እኔው እለያቸው ነበር። ዛሬ ግን ክንፋቸው ላይ ያለው ነጥብ አይታየኝም። ዓይን አንቺ ሁኚኝ።"

ከዓሞ መያዣ መረቡን ተቀብዬ የመጀመሪያዋን ያዝሁ። እንዳስተማሩኝ ክንፏን ገጥሜ በሁለት ጣቴ፣ ሳልጫን።

"ጠቃጠቆ አላት" አልሁ ደስ ብሎኝ።

"የት ላይ?"

"ጫፉ ላይ፣ ነጭ።"

"ያ የፊት ክንፍ ነው፤ ሁለቱም አላቸው። እሱን ተዪና የኋላውን እዪ። መሀሉ ላይ ሦስት ወይም አራት ጥቁር ነጥብ ካለ የእኛ ናት። አንድ ብቻ ከሆነ፣ እሱም ወደ ላይኛው ጠርዝ ተጠግቶ፣ እንግዳዋ ናት።"

"ሦስትና አራቱስ?"

"ሦስት ሴት፣ አራት ወንድ። የእንግዳዋ ባል ግን ጥቁር ሆኖ ትልልቅ ነጭ ክብ አለው፤ እሱን ማንም አይሳሳትም።"

አንዴ ከገባኝ በኋላ ዓይኔ ተከፈተ ልበል። መጀመሪያ ክንፉን ወደ ብርሃን እያዞርሁ ነበር የማየው፤ በኋላ ገና ስታርፍ አውቃት ጀመር። "የእኛ፣ ወንድ" እላለሁ፤ ዓሞ በወረቀት ጠቅልለው እንዳይራወጡ በረዶ ባለበት ሳጥን ውስጥ ያስተኛሉ። "እንግዳ" እላለሁ፤ "ትመለስ" ይላሉ። ሁለታችንም ላብ በላብ ሆነን እንደ ልጅ ተጫወትን።

ችግሩ፣ አብዛኞቹ እንግዶች ሆነው ተገኙ። ሳጥኑ ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ብርቱካን ደወለች።

"ስንት ሆኑ፣ ሐዋዬ?"

"ጥቂት ናቸው።"

"ያገኘሽውን ይዘሽ ነዪ" አለችኝ፤ ግን ድምፅዋ ቅር ማለቷን ነገረኝ።

ያኔ አንዲት ያዝሁ፤ የኋላ ክንፏ መሀሉ ጋ ተቀድዷል። አንድ ነጥብ ይታያል፤ ሌሎቹ ከተቀደደው ጋር ይሂዱ ወይም ጭራሽ አይኑሩ አይታወቅም። ዓሞ አያዩም። ብጨምራት ማንም አያውቅብኝም፤ ብርቱካንም አንድ ትጨመርላታለች። ቆሜ አሰብሁ።

"ይህችን መለየት አልቻልሁም" አልኋቸው።

"ኸላስ፣ በቃ፤ ያላወቅነውን አንለቅም" አሉ። ወደ ቅጠሉ መለስኋት።

የዛልቃው ግቢ

ወደ ታች የሚወርደው ቫን ሾፌር ሳጥኑን በጥርጣሬ አየው። "ዓሣ ከሆነ አላሳፍርም።"

"ቢራቢሮ ነው። ሰርግ አለብን።"

እንዳይሞቃቸው ብሎ መስተዋት አስዘግቶ ማቀዝቀዣውን እስከ መጨረሻው ከፈተ። ኦቶስትራዱ ተጨናንቆ ስለነበር ተሳፋሪው ሁሉ እየተንቀጠቀጠ ደረስን፤ ያማረረ ግን የለም።

አዳራሹ ውስጥ መዝሙሩ ደምቋል። ሻሼን አስተካክዬ የኋላ ወንበር ላይ ሳጥኔን ታቅፌ ተቀመጥሁ። ፓስተሩ ባርከው ሲጨርሱ ሙሽሮቹ ወደ ግቢው ወረዱ፤ የብርቱካን እናት ከወላይታ በስልክ ቪዲዮ ያያሉ። ሳጥኑን ከፈትሁ፣ ወረቀቶቹን ፈታሁ።

አንድም አልበረረም። ክንፋቸውን ገጥመው ዝም አሉ።

"ሞተዋል እንዴ?" አለኝ ተስፋዬ በሹክሹክታ። አንዷን በጣቴ ነካ አደረግኋት፤ እግሯን አንቀሳቀሰች።

"በርዷቸው ነው። ፀሐይ እንስጣቸው። እጃችሁን ዘርጉ" አልሁ።

የቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች መዳፋቸውን ዘረጉ። ለእያንዳንዷ አንድ አንድ አደረግሁላት፤ ጥቂት መሆናቸው በጀ፣ ከሰዎቹ ጋር ተመጣጠኑ። ሲንክ ያሻሸ፣ ወለል የወለወለ መዳፍ ሁሉ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ጠበቀ።

መጀመሪያ የአንዲት ወፍራም ሴት መዳፍ ላይ ያለችው ክንፏን ከፈተች። ሦስት ነጥብ። ተንቀጠቀጠችና ተነሣች። ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሌሎቹ ባንዴ። አንዱ ሄዶ የብርቱካን ቬሎ ላይ አረፈና አልነሣም አለ፤ በሁሉም ፎቶ ላይ አለ። ከስልኩ ውስጥ የእናቷ እልልታ ተሰማ፤ ግቢው ተቀበላቸው። ብርቱካን አንገቴን አንቃ "ወገን መጣልኝ" አለችኝ።

ወደ ቤት

ጀምበር ስትጠልቅ ቡርጅ ደረስሁ። ለሐጄ ዳቦ ልገዛ ሰፈራችን ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ የእኛን ሕንፃ ሀበሾች ሁሉ በአንድ ስም ነው የሚጠራን።

"አህላ ሜሪ፣ አንድ ዳቦ?"

ሌላ ቀን ዝም ብዬ እወስድ ነበር። ጉዞው ያስተማረኝ ነገር ቢኖር መለየት ጥበብ ሳይሆን ትዕግሥት መሆኑን ነው፤ ሰውም የት ላይ እንደሚያይ ካልተነገረው አያይም። ስለዚህ አልተቆጣሁም።

"ሜሪ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ናት፤ ረጅሟ፣ ግንባሯ ላይ መስቀል ያላት" አልሁት። "እኔ ሐዋ ነኝ፤ የሐጄ ቤት።"

ዳቦውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ፤ ረጋ ብሎ፣ ከሻሼ እስከ ጫማዬ።

"ሐዋ" አለ፤ ዳቦውን ሰጠኝ።