የአባቴ የጠጅ ሳር ዘይት

አባቴ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ከጠጅ ሳር ዘይት ማውጣት ጀመረ። ዕድሜውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት በፊርማና በማኅተም መሀል ያሳለፈ፣ ሻይ እንኳ አፍልቶ የማያውቅ ሰው ነው። ግን በስልኩ አንድ ቪዲዮ አየ። አንዲት ጠብታ የተክል ዘይት ትንኝ ታባርራለች፣ ምግብ ታጣፍጣለች፣ የጉልበት ሕመም ታስታግሳለች ይላል። እናቴን ደግሞ ጉልበቷን ካመማት ቆይቷል።

እኔ ዶርዜ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አርባ ምንጭ እወርዳለሁ። ያን ቅዳሜ ስደርስ ግቢያችን ገና ከበሩ ጠጅ ሳር ጠጅ ሳር ይላል። አባቴ ጓሮ ቁጭ ብሎ ከሰል ያራግባል። ክዳኑ የሚቆለፈውን የእናቴን ድስት በሳር ጠቅጥቆ፣ እንፋሎት መውጫው ላይ ቀጭን ቱቦ ገጥሞ፣ ቱቦውን ቀዝቃዛ ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ አሳልፎ፣ ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ ከቷል።

ጎረቤታችን ከአጥሩ በላይ ብቅ ብላ ሁሉንም አየችና በትሕትና ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ አረቄ ማውጣት ጀመሩ እንዴ?»

አባቴ ስለ እንፋሎትና ስለ መዓዛ በሰፊው አስረዳት። ራሷን እየነቀነቀች ሰማችው፤ ሲጨርስ ግን ለቅምሻ እንዳይረሳት አደራ ብላ ገባች።

የቀኑ ሙሉ ድካም አንዲት የሻይ ማንኪያ አልሞላም። ውሃው ላይ የሰፈፈችውን ብጫ ዘይት በሲሪንጅ እየመጠጠ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ወደ ትንሽ ብልቃጥ አጋባት።

በማግስቱ ምሳችን የጫሞ ዓሣ ነበር። ዘይቱን ዓሣው ላይ ሲያንጠባጥብ፣ አንድ ጠብታ ይበቃል ቢባልም የአባቴ እጅ ለቀቅ አለ። እናቴ አንዴ ጎረሰችና አኘከች። እንዴት እንደሆነ ሲጠይቃት፣ «ዓሣው በደንብ ታጥቧል፤ ሳሙናው ግን አልለቀቀውም» አለችው። መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። ዳቦ በሙዝ በልተን ተነሣን።

የተረፈችውን ዘይት በኑግ ዘይት አቅጥኖ፣ ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ ዱካ ስቦ ፊት ለፊቷ እየተቀመጠ ጉልበቷን ያሽላት ጀመር። እኛ ልጆቹ እጇን እንኳ ሲይዝ አይተነው አናውቅም። ቤት ውስጥ መሆኔን ረስቶ ስለ ድሮ ቤታቸው፣ ስለ መጀመሪያ ሹመቱ ያወራታል፤ እሷም እግሯን ዘርግታ ታርመዋለች።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እናቴን ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ገበያ አገኘኋት። በቲማቲምና በሽንኩርት የተሞላ ዘንቢል አንጠልጥላ በባጃጆቹ መሀል ሽው ትላለች፤ ልደርስባት ሮጥኩ። ጉልበቷን ተሽሏት እንደሆነ ጠየቅኳት። ዘንቢሉን ተቀበልኳትና ትንሽ ሄድን።

«ከተሻለኝ ቆየ» አለችኝ። «ለአባትሽ ግን እንዳትነግሪው። ተሽሎኛል ካልኩት ይተዋል።»

ያን ዕለት አመሻሽ አባቴ እጁን ታጥቦ ብልቃጧን ይዞ መጣ፤ ዛሬስ የትኛው እንደባሰባት ጠየቃት። ትንሽ አሰበችና ግራው ነው አለችው። እኔ ሽንኩርት ልልጥ ብዬ ወደ ማድ ቤት ገባሁ።