ነጭ ነጠላ በነጭ ግድግዳ

ረፋድ ላይ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ የእህቴ የጥሩወርቅ ሞት በስልክ ተነገረኝ። ሽንኩርቱን እንደያዝኩ እዚያው መጋላ ገበያ ዳር ካለ ፎቶ ቤት ገባሁ። ለቀብሯ የሚሆን ፎቶ ብዬ ስልኬ ላይ ያገኘሁት፣ በነጭ ነጠላ ነጭ ግድግዳ ተደግፋ የተነሳችውን ብቻ ነው።

ኮምፒውተሩ ጋ ያለችው ሴትዮ ጣቶቿ በሂና ቀልተዋል፤ የመነጽሯ እግር በክር ታስሯል። እህቴን ከግድግዳው ቆርጣ ለማውጣት ፎቶውን አጉልታ የነጠላውን ጠርዝ ነጥብ በነጥብ ትከተላለች። በየነጥቡ ትንፋሿን ትይዛለች።

«ማሽኑ በራሱ አይቆርጠውም?» አልኳት።

«ነጩን ሁሉ ግድግዳ ነው ይላል አቦ! የእናቴን ሻሽ ከነጆሮዋ በላብኝ። ዋናውን ፎቶ ደግሞ አጥፍቼው ነበር።»

ቀና ሳትል፣ «ግራ ትከሻዋ ዝቅ ይል ነበር? ጠርዙ አልታይ አለኝ» ብላ ጠየቀችኝ።

አርባ ዓመት አብሬያት ኖሬ፣ ትከሻዋን ለማየት ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አልኩ።

ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አሁን ስምንት ሆኗል፤ ግራ ትከሻዋ ገና ከግድግዳው አልተለየም።