የእትዬ ተናኘወርቅ ሳል

ካዛንቺስ ውስጥ እትዬ ተናኘወርቅን የማያውቅ የለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ አስተምረው ጡረታ ቢወጡም ማስተማሩን አልተዉትም፤ ታክሲ ውስጥ መስኮት የሚዘጋ ሰው ካዩ ይገሥጻሉ። እኔ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታቸው ስለሆንኩ ድርሻዬ ከሌላው ይበዛል። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ማለት ይወዳሉ። ታዲያ ሳንባ ነቀርሳ ተገኘብዎት የተባሉ ዕለት ከእኔና ከተከራያቸው ከቢሊሴ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ለቢሊሴም የነገሯት "ያመጣሽብኝ አንቺ ነሽ፤ ክፍሌን ልቀቂልኝ" ለማለት ነው።

ቢሊሴ ባምቢስ ሱቅ ውስጥ የምትሠራ ዝምተኛ ልጅ ናት። ጥፋቷ ክረምቱን ስትስል መክረሟ ነው። እትዬ አልጋ ይዘው ሳሉ ሾርባ እየሠራች፣ ልብሳቸውን እያጠበች ያስታመመቻቸው እሷ መሆኗን ግን ማን ያንሳው። በጣም ተናደድኩባቸው። ደግሞ አሳዘኑኝ፤ ፈርተው ነበር።

ጤና ጣቢያው አብሮ የሚኖር ሁሉ ይመርመር ስላለ ቢሊሴም ተመረመረች። ውጤቱን ልንሰማ ሦስታችንም ሄድን። ሲስተር ሊዲያ አክታውም ራጁም ንጹሕ መሆኑን ነገረችን። ቢሊሴ አመሰገነቻትና እትዬን ሳታያቸው ወጥታ ሄደች።

"ታዲያ ከየት መጣብኝ?" አሉ እትዬ፣ ማስካቸውን እንዳደረጉ።

"እሱን በእርግጠኝነት ማወቅ ይከብዳል። ማለቴ፣ ድሮ ቤታችሁ ውስጥ ብዙ የሚስል ሰው ነበር?"

"አባቴ። ብርድ መታቸው ይባል ነበር። ከጎናቸው ነበር የምተኛው።"

ሲስተር ሊዲያ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ጀርሙ በትንፋሽ ይገባል። ሰውነት ፈጽሞ ባያጠፋውም ከቦ ይይዘዋል፤ እንደተያዘ ሰውየው አይታመምም፣ ለሌላም አያስተላልፍም። እንዲህ ሆኖ ሃምሳ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ዕድሜ ሲገፋ፣ እንደ እሳቸው የስኳር በሽታ ሲጨመርበት፣ የሰውነት ዘበኞች ይደክማሉ፤ ያኔ ይነሣል። "በቃ፣ መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ፤ ይድናሉ" አለቻቸው። እትዬ ስለ መድኃኒቱ አልጠየቁም። አባታቸው በሳል መሀል ተረት ያወሩላቸው እንደነበር ነገሩንና አለቀሱ።

ቤት ስንደርስ የቢሊሴ ፍራሽ ተጠቅልሎ በር ላይ ቆሟል፤ እሷ ገመዱን ታጠብቃለች።

"ቢሊሴ፣ አንቺ አይደለሽም" አሉ እትዬ ራቅ ብለው ቆመው። "ከአባቴ ሳይሆን አይቀርም።"

ቢሊሴ ቀና አላለችም። "አባትዎ በሕይወት ቢኖሩ ከቤት ያስወጧቸው ነበር?"

እትዬ ወደ ፍራሹ ተጠጉ።

"አላስወጣቸውም ነበር" አሉ። "አስታምማቸው ነበር፤ አንቺ እኔን እንዳስታመምሽኝ። ይቅር በይኝ ልጄ።"

ጎንበስ ብለው ገመዱን ሊፈቱ ሞከሩ። ቋጠሮው ጠብቆ አልላላ አላቸው። ቢሊሴ ጥቂት አየቻቸውና ቋጠሮውን ራሷ ፈታችው።