ካፒቴኑ ዝም ሲል

ቆቦ ውስጥ፣ ከባጃጅ መቆሚያው ጀርባ ባለው ቪዲዮ ቤት፣ ከቴሌቪዥኑ በስተግራ አንዲት የእንጨት ወንበር ነበረች። የኋላ ቀኝ እግሯ ስለሚያጥር ከሥሩ አራት ጊዜ የታጠፈ ካርቶን አድርጌበት ነበር። ፊልም ስተረጉም የምቀመጠው እሷ ላይ ነው።

እኔ ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። ሰላምታ ሲረዝም ይጨንቀኛል፤ ራያ ውስጥ ደግሞ ሰላምታ አያጥርም። እዚያች ወንበር ላይ ማይኩን ይዤ ስቀመጥ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ እናገራለሁ፣ ሰውም ይሰማኛል። ሌላ ሰው የሚሰማኝ ቦታ ስለሌለኝ ወንበሯን ማጣት አልፈልግም ነበር። ይህ ላጣት የደረስኩበት ሳምንት ታሪክ ነው።

እንግሊዝኛ የተማርኩት ከፊልም ሥር ከሚወጣው ጽሑፍና ከአንድ አሮጌ መዝገበ ቃላት ነው። የመዝገበ ቃላቱ መጨረሻ ተቀዷል። በመጨረሻዎቹ ሰባት ፊደላት የሚጀምሩትን ቃላት የማውቃቸው ከፊልም ብቻ ስለሆነ፣ እነሱ ላይ ስደርስ እስካሁን ድምፄ ትንሽ ዝቅ ይላል። የቤቱ ባለቤት፣ እትዬ የምንላቸው፣ ባላቸው የሞተባቸውና እዚያው ሻይ የሚሸጡ ሴት ናቸው። የቀጠሩኝ ደንበኛው ጽሑፉን እያነበበ ሻዩን ስለሚያቀዘቅዝና ሁለተኛ ስለማያዝ ነው።

በቤቱ ከሁሉ በላይ የሚወደደው ስለ አንዲት የሰማይ መርከብ የሚተርከው ተከታታይ ፊልም ነበር። ስድስት ክፍል አለው። ምድራቸው አልሆን ያለቻቸው ሰዎች በመርከቧ ተጭነው በከዋክብት መካከል ማረፊያ ይፈልጋሉ። ካፒቴኑ ሽበታም ሰውዬ ነው። በስድስቱም ክፍሎች የሚናገረው ሰባ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ከሰባ ሦስቱ አሥራ ዘጠኙ «እሺ» ነው። በቀረው ጊዜ ጀርባውን ሰጥቶን በመስኮት ያያል።

ነገሩ የመጣው ከመስኮቱ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ስተረጉም ካፒቴኑ መስኮቱ ጋ አንድ ደቂቃ ተኩል ቆመ። እሱ ዝም ስላለ እኔም ዝም አልኩ። ከኋላ አንዱ ተርጓሚው ተኛ እንዴ አለ። ሌላው፣ አልተኛም፣ እንግሊዝኛው ሲከብደው እየዘለለው ነው አለ። እትዬ ከሻይ ማፍያው ቀና ብለው አዩኝ። በማግስቱ ያው ፊልም ሲታይና ካፒቴኑ መስኮቱ ጋ ሲደርስ፣ ሳላስበው አባቴ የሚለውን አልኩ።

አባቴ ሮቢት አጠገብ ገበሬ ነው። ክረምት ከዳገቱ የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ማሳው ውስጥ ያስገባል። እሱም እንደኔ ዝምተኛ ነው፤ የሚናገረው አካፋ ይዞ ጎርፍ ሲጠብቅ ብቻ ነው። ያን ቀን ካፒቴኑ ከዋክብቱን እያየ «ዳገቱ ላይ ሲያጉረመርም አካፋህን ፈልግ» አለ።  ሰማይ ላይ አካፋ ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀ የለም። ካፒቴኑ ጀርባውን ስለሚሰጥ አፉም አይታይም። ስድስተኛው ክፍል እስኪያልቅ አሥራ አንድ የአባቴን አባባሎች ተናግሯል፤ በደብተር ይዣቸዋለሁ። ከመስኮቱ በቀር አንድም ቦታ አዛብቼ ተርጉሜ አላውቅም።

ከአባባሎቹ በጣም የተወደደው «ጎርፍ ለአንድ ቀን ነው፣ ጎረቤት ግን ለዕድሜ ነው» የሚለው ነበር። ከቤቱ ደንበኞች ዋነኛው፣ አንድ ባጃጅ ነጂ፣ ባጃጁ ጀርባ ላይ በቀይ ቀለም አስጻፈው። ከሥሩ «ካፒቴኑ» ይላል።

ሰባተኛው ክፍል ሊሠራ መሆኑ ሲሰማ ደስታው ብዙ አልቆየም። ስድስቱን የሠራው ሽማግሌ ዳይሬክተር ጡረታ ወጥቷል፤ በእሱ ቦታ የተመረጠው ወጣት ደግሞ ከዚህ በፊት የሠራው አንድ ፊልም ብቻ ነው። ፊልሙ ባልና ሚስት ወጥ ቤት ውስጥ ሲኮራረፉ ያሳያል። ባጃጅ ነጂው ወሬውን ይዞ በቀትር ቪዲዮ ቤት ገባ። ወጥ ቤት ሲያኮራርፍ የከረመ ሰው እንዴት መርከብ ይሰጠዋል እያለ ሞተሩን ሳያጠፋ ለፈለፈ። ከጎኑ ያለው ፀጉር ቆራጭ ግን ለወጣቱ ወገነ። ማንም ሰው አንድ ቦታ ይጀምራል፣ እኔስ መቀስ ይዤ ተወለድኩ እንዴ አለ።

«አንተ የሰው ጆሮ ቆርጠህ ነው የተማርከው» አለው ባጃጅ ነጂው። «ሰው ሁለት ጆሮ አለው። መርከቧ ግን አንድ ናት።»

ሦስት ቀን በዚህ ተከራከሩ። በአራተኛው ቀን፣ የገበያ ቀን ነበር፣ ባጃጅ ነጂው ዳይሬክተሩ የሰጠውን ቃለ መጠይቅ በስልኩ አምጥቶ ተርጉም አለኝ። ቤቱ ሞልቶ ነበር። ወጣቱ ዳይሬክተር ካፒቴኑን የሚወደው ዝም ስለሚል እንደሆነ፣ በስድስት ፊልም ውስጥ ምንም አልተናገረም ማለት እንደሚቻል፣ እሱም ይህን ዝምታ እንደሚጠብቅ ተናገረ። እኔም እንዳለ ተረጎምኩት። ለምን እንዳልቀየርኩት አላውቅም፤ መስኮት ስላልነበረ ይሆናል።



«ይሄ ሰውዬ ፊልሙን አላየውም» አለ ባጃጅ ነጂው።

ፀጉር ቆራጩ እዚያው ወገን ቀየረ። የካፒቴኑን ምክር ያልሰማ ሰው እንዴት ካፒቴኑን ይቀርጻል ተባለ። ሁሉም በአንድ ጊዜ አወራ። በመጨረሻ የፊልሙ ገጽ ላይ፣ አድናቂ ሁሉ አስተያየት በሚጽፍበት ቦታ፣ ዳይሬክተሩን የሚከስ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ እንዲጻፍ ተወሰነ። አሥራ አንዱም አባባሎች በዝርዝር ይገቡበታል። የምጽፈው እኔ ነኝ።

በዚህ ጊዜ ከፊት አግዳሚው ላይ ሽመላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው የተቀመጡት አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በጎብዬ በኩል የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው። በየገበያው ቀን ሽንኩርታቸውን ሸጠው ሲያበቁ መጥተው ፊልም ያያሉ። አገር ሲጣላ ከሚያስታርቁት አንዱ ስለሆኑ እሳቸው ሲናገሩ ሰው ያዳምጣል። ከታናሽ ወንድማቸው ጋር በጎርፍ ውሃ ተራ ዓመታት ተጣልተው ያስታረቃቸው የካፒቴኑ ቃል እንደሆነ ደጋግመው ነግረውናል። ጎርፍ ለአንድ ቀን ነው የሚለውን ለወንድማቸው ሲነግሩት ነበር ውሃውን የለቀቀላቸው።

«ይሄ የምትጽፉት ክስ ነው?» አሉ።

ክስ ነው ተባሉ።

«ክስ ከሆነ ዋስ ይጥራ።»

እኛ ዘንድ እንዲህ ነው። በሌለ ሰው ላይ ቃል የሚያመጣ፣ ከቃሉ ኋላ የሚቆም ሰው ያቆማል። ቃሉ ከወደቀ ዋሱም አብሮ ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ በሽማግሌ ፊት ቢናገር የሚያምነው የለም። ካፒቴኑ ይህን ስለመናገሩ ማን ዋስ ይሆናል ብለው ጠየቁ። ሁሉም ዞሮ እኔን አየ።

እስከሚቀጥለው የገበያ ቀን ጊዜ ስጡኝ አልኩ። ትሕትና መሰላቸው።

በሳምንቱ ውስጥ እውነቱን የነገርኩት ለእትዬ ብቻ ነው። ብርጭቆ እያጠቡ ነበር፤ አላቆሙም። ካፒቴኑ ስለ አካፋ ሲያወራ ጠርጥረው እንደነበር፣ ግን ሰው ያኔ ሻይ ስለሚያዝ እንዳልጠየቁኝ ነገሩኝ። ከዚያም «ወንበሩ ላይ የወጣኸው በአፍህ ነው፤ የምትወርደውም በአፍህ ነው» አሉኝ። ምክር ይሁን ማስጠንቀቂያ አልገባኝም።

የገበያው ቀን ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ቆርቆሮውን እያንጣጣው ሁሉም ተሰበሰበ። አባባ ዱአ አደረጉ፤ አሚንም አሜንም ተባለ። ዋስ ነህ ወይ ተብዬ ከመጠየቄ በፊት የመጀመሪያውን ክፍል ከፈትኩ። ፊልሙን እየገፋሁ መስኮቱ ጋ አደረስኩት። ስተረጉም ዝቅ አድርጌው የኖርኩትን የፊልሙን ድምፅ እስከ መጨረሻ ከፍ አደረግኩ። ማይኩን ወንበሯ ላይ አስቀምጬ ከግድግዳው ተጠግቼ ቆምኩ።

ካፒቴኑ አንድ ደቂቃ ተኩል በመስኮት አየ። የሚሰማው የመርከቧ ሞተር ብቻ ነው፤ ከሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ። አንዱ ድምፁ ተበላሽቷል አለ። አልተበላሸም፣ የራሱ ድምፅ ነው አልኩት። የሁለተኛውን ክፍል መስኮት አሳየኋቸው። የሦስተኛውንም። ከዚያ በኋላ ይበቃል ያሉኝ አባባ ናቸው።

«እና ማነው ያለው?»

«አባቴ ነው፣ አባባ።»

«አባትህ የት ናቸው?»

«ሮቢት።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ተወው። ባጃጅ ነጂው ራሱን ይዞ ተቀመጠ። «ባጃጄ ላይ ካፒቴኑ ብዬ አስጽፌያለሁ እኮ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

«ፋቀውና የሮቢት ገበሬ በል» አለው ፀጉር ቆራጩ። «የሮቢት ተሳፋሪ አታጣም።»

አባባ አልሳቁም። ሽመላቸውን ከጉልበታቸው አንስተው መሬት አስያዙት። «እኔ ለወንድሜ የነገርኩት ሰማይ የዞረ ሰው ቃል ነው ብዬ ነው» አሉኝ። «ለሮቢት ገበሬ ብሎ ውሃ የሚለቅ ወንድም የለኝም።»

ይቅርታ ጠየቅኩ። ዓይኔ ወንበሯ ላይ ነበር። ማይኩን ይዞ የሚወጣው ሌላ ሰው ማን እንደሚሆን፣ ካርቶኑን ከሥሯ እንደሚያነሳው ወይም እንደሚተወው እያሰብኩ ነበር።

«ቃሉ ራሱ ውሸት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«አይደለም።»

 ውሃው እንደሆነ ማሳዬ ወርዷል፣ አሉ፤ ለራሳቸው ይመስል ነበር። ፍርዳቸውን የሰጡት ከዚያ በኋላ ነው። ቃል ለባለቤቱ ይመለሳል። ካፒቴኑም ሆነ ሌላው የመርከቧ ሰው ሲናገር ተቀምጬ እተረጉማለሁ። አባቴ ሲናገር ግን ተነስቼ እቆማለሁ፤ ሰው ማን እንደሚናገረው እንዲያውቅ። የአባት ቃል ደግሞ በቁም ነው የሚነገረው አሉ። ወንድምዎስ ብሎ የጠየቃቸው ፀጉር ቆራጩ ነው። ይህ ክረምት ከወጣ በኋላ ራሴ እነግረዋለሁ አሉት።

ክሱ ቀረ፤ ጽሑፉ ግን አልቀረም። ይህን ያህል ተጨቃጭቀን ዝም አንልም ተብሎ፣ ከተቀደደው የመዝገበ ቃላት ክፍል ብዙ ቃል እንዳይገባብኝ ተጠንቅቄ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። ካፒቴኑ ዝም ይበል። እኛ ጋ የሚናገርለት አለ። ብቻ ጀርባውን ይስጠን። ከኛ በላይ የጻፈው ሰው ዳይሬክተሩ ይባረር ይላል፤ ከኛ በታች ያለው ደግሞ ሲኒማ ሞቷል ይላል። የእኛን አንድ ሰው ወዶታል። ፀጉር ቆራጩ ነው።

እሑድ ሮቢት ሄጄ ለአባቴ ነገርኩት። የአካፋውን እጀታ እየቀየረ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ሰማይ ላይ ጎርፍ አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲህ እኔ አጠገቡ ስሆን አካፋ ይዞም አይናገርም። ሁለት ጊዜ ጎርፍ አብሬው ጠብቄአለሁ፤ ያገኘሁት «ያዝ» እና «ልቀቅ» ብቻ ነው።

ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ግን ፍርዱ ተለምዷል። ካፒቴኑ ወደ መስኮቱ ሲራመድ እኔ ከመንቀሳቀሴ በፊት ከአግዳሚዎቹ «ተነሳ» ይሉኛል። ተነስቼ እናገራለሁ፤ ጨርሼ እቀመጣለሁ። ባጃጅ ነጂው «ካፒቴኑ» የሚለውን አልፋቀውም። ከሥሩ በትናንሽ ፊደል «በሮቢት በኩል» ብሎ አስጨመረበት።

በቅርቡ ዳይሬክተሩ ስለ ፊልሙ አዲስ ነገር ተናገረ። በሰባተኛው ክፍል ካፒቴኑ መርከቧ ላይ ብቻውን ነው። ሌላ ሰው የለም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል አይናገርም። ገጹ ላይ የዓለም አድናቂ ሁሉ እየተሳደበ ነው። ቆቦ ግን፣ ሁለቱም ሰዓት ለአባቴ ቃል ቀረልን ብሎ፣ ደስ ብሎታል፤ ባጃጅ ነጂው ተሳፋሪውን መንገድ ላይ አቁሞ ሊያበስረኝ መጣ። ለዚህ ሁለት ሰዓት ያለኝ አሥራ አንድ አባባልና «ያዝ»፣ «ልቀቅ» ነው።

እትዬ የባጃጅ ነጂውን ወሬ ሻይ እየቀዱ ሰሙት።  ብርጭቆውን አስቀምጠው ወደ ቴሌቪዥኑ ሄዱ፣ ወንበሬን አነሱ፣ ከሥሯ ካርቶኑን አውጥተው ሰጡኝ፤ ወንበሯን በር ላይ ቆማ ሻይ ለምትጠብቅ ሴት ወሰዱላት።

የት ልቀመጥ ነው አልኳቸው።

«መች ልትቀመጥ?» አሉኝ።