የዘጋሁት መተንፈሻ

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ሐያት አዲስ የገዛችውን የኤሌክትሪክ መኪና ልታሳየኝ ከአያት ሰፈር ቦሌ ሚካኤል ድረስ መጣች። ዕድሜዬን በጋራዥ ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ መኪና የሚገዛ ዘመድ ሁሉ መጀመሪያ ለእኔ ያሳያል። ኮፈኑን ከፈትኩ፤ የማውቀው ዓይነት ሞተር የለም። ወደ ኋላ ዞርኩ፤ የነዳጅ ታንክ የለም። የቆየ ልማዴን መተው አቅቶኝ ግን ኋለኛው ወንበር ላይ ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ።

"አጎቴ፣ ምን ሆነህ ነው? ሽታ አለው እንዴ?" አለች።

"የለውም" አልኳት።

መስኮቱን ዘጋግታ፣ ኤሲውን ከፍታ ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም ወሰደችኝ። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ውስጡ እንደ ምንጭ ዳር ቀዝቃዛ ነው። መንገድ ላይ እየሣቀች፣ "እማዬ ምን እንዳለች ታውቃለህ? 'አሮጌ ከሆነ አልሳፈርልሽም፤ እኔን የአባባ ቁርጥራጭ ብረት ነው ዕድሌን የበላው' አለች" ብላ አወራችኝ።

"አሁንም እንዲህ ትላለች?"

"ሁሌ ነዋ። ሕክምና ሳትገባ የቀረችው በአያቴ ታክሲ ምክንያት አይደል?"

ኤሲውን ትንሽ እንድትቀንሰው ብቻ ለመንኳት፤ እጄ ቀዝቅዞ ነበር።

እኔ ስጉ ሰው ነኝ። ከቤት ወጥቼ ግማሽ መንገድ ከሄድኩ በኋላ በሩን መቆለፌን ለማረጋገጥ የምመለስ፣ ደንበኛ መኪናውን ወስዶ ከሄደ በኋላ ደውዬ "ፍሬኑ እንዴት ሆነ?" የምል ዓይነት። ጋራዥ ያሉት ልጆች ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። በሃያ ዓመቴ እንዲህ አልነበርኩም። የቴክኒክ ትምህርት ቤት የሁለተኛ ዓመት የአውቶ መካኒክ ተማሪ ነበርኩ፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ የደረሰ ተማሪ ደግሞ አደገኛ ነው። መፍታት ያውቃል፤ ዕቃው ለምን እዚያ እንደተገጠመ ግን ገና አልገባውም።

አባቴ በወጣትነቱ ከወሎ መጥቶ ቦሌ ሚካኤል የከተመ የታክሲ ሹፌር ነበር። የሰማያዊና ነጭ ታክሲዋን የሞዴል ስም አልጠራም፤ ዛሬም የሚነዷት አሉና ይቀየሙኛል፣ ጥፋቱም የእሷ አልነበረም። አርጅታ ነበር እንጂ ደግ መኪና ነበረች። የነዳጅ ታንኳ ከኋላ፣ ከዕቃ መጫኛው ሥር ነው። ከታንኩ አናት አንዲት ቀጭን የጎማ ቱቦ ተነሥታ ወደ ውጭ ትወጣለች፤ ታንኩ የሚተነፍሰው በእሷ ነው። ያቺ ቱቦ በዕድሜ ብዛት ተሰነጣጥቃ ስለነበር የቤንዚኑ ሽታ ወደ ኋለኛው ወንበር ይገባል። መስኮት ቢከፈት ሽታው በወጣ ነበር። የአዲስ አበባ ተሳፋሪ ግን ከሌባ ይልቅ የሚፈራው በመስኮት የሚገባ ንፋስ ነው። ክረምት ይሁን በጋ፣ "ወንድም፣ ዝጋው እስቲ፣ ብርድ ይመታናል" የሚል አይጠፋም። ታፍኖ ይሄዳታል እንጂ አይከፍትም።

ሽታውን ከሁሉ በላይ የማትችለው እህቴ ዘሃራ ነበረች። በሦስት ዓመት ታንሰኛለች፤ በትምህርት ግን ታስከነዳኝ ነበር። ያን ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ሐሳቧ ሁሉ ሕክምና መግባት ነው። እናቴ ገና ከወዲሁ "ዶክተሯ" እያለች ትጠራት ጀምራ ነበር። የማትሪክ መፈተኛ ቦታዋ ኮተቤ ሆነ። ግንቦት ሊያልቅ ነው፤ ዝናቡ ቀደም ብሏል፣ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነው። አባቴ፣ "ልጄ በፈተና ቀን ሚኒባስ ስትጋፋ አላይም፤ እኔ አደርሳታለሁ" አለ። የእኔም ትምህርት ቤት ለፈተናው ተዘግቶ ስለነበር ላጅባት አብሬ እሄድ ጀመር።

በመጀመሪያው ቀን ሎሚ አፍንጫዋ ላይ ይዛ ሄደች። ሎሚው አልረዳትም። መገናኛ ሳንደርስ አባቴ መኪናዋን ዳር አስያዛትና ዘሃራ ወርዳ፣ እናቴ በቅቤና በማር ለውሳ ያበላቻትን በሶ በሙሉ አወጣችው። እንግሊዝኛውን ራሷን ይዛ ተፈተነች። ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል።

"ነገ ሒሳብ ነው" አለችኝ። "ሰይዶ፣ ነገም እንዲህ ከሆንኩ አለቀልኝ።"

"አታስቢ፣ አንድ ነገር አደርጋለሁ" አልኳት።

አባቴ ለዐስር ሶላት መስጊድ ሲሄድ ፒንሳና ሽቦ ይዤ ታክሲዋ ሥር ገባሁ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ሽታ የሚወጣው በቀዳዳ ነው፣ ቀዳዳው ከተዘጋ ሽታ የለም። የተሰነጠቀችውን ቱቦ ነቅዬ መውጫውን በእንጨት ውታፍ ደፈንኩና በሽቦ አሰርኩት። በታንኩ ክዳን ላይም የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነገር አየሁ፤ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ክብ ቆርጬ ከሥሯ አደረግሁባት። ከዚያ ኋለኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ በረጅሙ ሳብኩ። የቤንዚኑ ሽታ ድራሹ ጠፍቷል። ቤት ገብቼ በደብተሬ ላይ ሥዕሉን ሠራሁና ከላዩ "የቤንዚን ሽታ መከላከያ፤ የፈጠራ ሥራ" ብዬ ጻፍኩ፤ ለአስተማሪዬ ላሳየው። ለአባቴ አልነገርኩትም። ታክሲዋ የቤታችን ጉሮሮ ናት፤ ሳያስፈቅደው ካቻቢቴ የሚያስጠጋባትን ሰው አይወድም። ነገ ዘሃራ ደህና ስትደርስ እነግረዋለሁ አልኩ።

በማግሥቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ተነሣን። ፈተናው የሚጀመረው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ጊዜ ሞልቶናል። ያካፋል። ዘሃራ ከኋላ ተቀምጣ አንዴ አሸተተች፣ ደግማ አሸተተችና በመስተዋቱ ውስጥ ፈገግ አለችልኝ። ሎሚውን ከቦርሳዋ እንኳ አላወጣችውም። መስኮቱን ሁሉ እስከ ጫፉ ዘጋነው፤ በሒሳብ ፈተና ቀን ብርድ እንዲመታት ማን ይፈልጋል። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቀመሮቿን ትደግማለች። እኔ ከአባቴ ጎን ተቀምጬ፣ ደስታዬ ፊቴ ላይ እንዳይታይ ወደ ውጭ አያለሁ።

ገርጂ ላይ ሞተሩን አንዴ አነቀው፣ ሁለቴ አነቀው፣ ጠፋ።

"አብሽሪ" አለ አባቴ። አትስጊ ማለቱ ነው፤ ከአፉ የማትለይ ቃል ነበረች። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፤ የነዳጁን ቱቦ ነቅሎ በአፉ ነፋው፤ ካንዴላዎቹን አየ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሲያስነሣት ተነሣች። "ቆሻሻ ነበር" አለና ሄድን።

መገናኛ ልንደርስ ስንል እንደገና ቆመች። በዚህኛው ላይ ልትጠፋ ስትል ከኋላ "ጓ" የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ በእጅ ሲጨበጥ የሚሰማው ዓይነት። ገባኝ። ሞተሩ ቤንዚኑን ሲስበው በቦታው አየር መግባት አለበት፤ አየር የሚገባባቸውን ሁለቱንም በሮች የዘጋሁት እኔ ነኝ። ታንኩ ታፍኖ ወደ ውስጥ እየተጨራመተ ነው። ስንቆም ትንሽ አየር ሰርጎ ይገባና ትነሣለች፤ ከዚያ ደግሞ ትታፈናለች።

ክዳኑን ከፍቶ ያችን ጎማ ማውጣት የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነበር። አልተናገርኩም። ለምን እንደሆነ ራሴን ስጠይቅ ኖሬያለሁ። አባቴን ፈራሁ፤ ከዘሃራ አፈርኩ። ደግሞም እንደምንም እየተነሣች ኮተቤ ትደርሳለች፣ ከዚያ ማንም ሳያየኝ አወጣዋለሁ ብዬ ተመኘሁ።

ዘሃራ መስኮቱን በትንሹ ዝቅ አድርጋ፣ "አባባ፣ ሌላ ታክሲ ልያዝ?" አለች። ሚኒባሶቹ ሞልተው እያለፉ ነበር።

"አብሽሪ ልጄ፣ አሁን ትነሣለች።"

ወደ እኔ ዞረች። "ሰይዶ፣ መካኒክ አይደለህ እንዴ? ምን ሆና ነው?"

"ካርቡሬተሩ ሳይሆን አይቀርም" አልኩ።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ልጁ የተማረ ነው፤ አመነኝ። ካርቡሬተሩን እዚያው ካፊያ ላይ በጋዜጣ ላይ ፈታው፣ አንድ በአንድ በቤንዚን አጠበው፣ መልሶ ገጠመው። እኔ ካቻቢቴ አቀብለዋለሁ። ያ ሥራ ስንት ደቂቃ እንደበላ አላውቅም፤ ሰዓቴን ማየት ፈርቼ ነበር። ሲያስነሣት በእርግጥ ተነሣች፤ አየሩ ሰርጎ ገብቶላት ነበራ። "በርታ፣ ልክ ብለሃል" አለኝ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ ያቃጠለኝ ምስጋና የለም።

ለሦስተኛ ጊዜ የቆመችው የኮተቤ መንገድ ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ዘሃራ ድምፅ ሳታሰማ ማልቀስ ጀመረች። ያን ጊዜ ወርጄ ወደ ኋላ ሮጥኩና ክዳኑን አዞርኩት። ታንኩ አየሩን በረጅሙ ሲስብ የነበረው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። አባቴ መጥቶ ከጎኔ ቆመ። በእጄ ያለችውን ክብ ጎማ አያት። ጎንበስ ብሎ ከሥር ውታፉንና ሽቦውን አየ፤ በሁለት ጣቱ ነቀለው። ጎማዋን ከእጄ ወስዶ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተታት።

"ምንድን ነው አባባ?" አለች ዘሃራ ከውስጥ።

"ያው ካርቡሬተሩ ነው" አለ አባቴ።

ከዚያ በኋላ ታክሲዋ አልቆመችም። ስንደርስ በሩ ተዘግቷል። አባቴ በኑሮው ማንንም ሲለምን አይቼው አላውቅም፤ ያን ዕለት ቆቡን አውልቆ ዘበኛውን ለመነው። ዘበኛው፣ "አባቴ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ትእዛዝ ነው" ይላል። በመጨረሻ አንድ አስተማሪ ወጥተው አዩዋትና፣ "ግቢ፤ ግን የሚጨመርልሽ ሰዓት የለም" አሏት። ሮጣ ገባች።

እኔና አባቴ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠን ጠበቅናት። መሪውን እንደያዘ፣ "መቼ ነው የገባህ?" አለኝ።

"ሁለተኛ ጊዜ ስትቆም።"

"የነካካኸው ለእህትህ ብለህ ነው፤ በሱ አልቆጣህም። ካወቅህ በኋላ ግን ካርቡሬተሬን አስፈታኸኝ።"

ወደ ተዘጋው በር እያየ ቀጠለ።

"አሁን አትንገራት። ገና ፈተና አለባት፣ ልቧ ይከፈላል። ሲያልቅ አንተው በአፍህ ትነግራታለህ። እኔ አልነግርልህም።"

"እሺ አባባ።"

ፈተናው አለቀ። ውጤቷ ይምጣና እነግራታለሁ አልኩ፤ ጥሩ ከመጣ ነገሩ ሣቅ ይሆናል። ውጤቱ መጣ፤ ሒሳቡን ሳትጨርስ ሰብስበውባት ስለነበር ለሕክምና አልበቃም። ቤታችን ዋናው ክፍል ውስጥ ወረቀቱን ይዛ ቆማ፣ "የእርስዎ ቁርጥራጭ ብረት ነው ዕድሌን የበላው" አለችው። አባቴ አንገቱን ደፍቶ፣ "ልክ ነሽ ልጄ" አለ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ወደ እኔ አልዞረም። ያን ቀን ቢዞር ኖሮ እናገር ነበር ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ፤ ይህም ማመካኛ ነው።

ከዓመታት በኋላ አዳዲስ መኪኖች ወደ ጋራዤ መምጣት ሲጀምሩ መሐንዲሶቹ ያንኑ የኔን ችግር እንዴት እንደፈቱት አየሁ። ታንኩን አልደፈኑትም። ከእሱ የሚወጣውን ሽታ ከሰል በተሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ያሳልፉታል፤ ከሰሉ ሽታውን ይይዘዋል፣ ሞተሩ ሲነሣ ያንኑ ስቦ ያቃጥለዋል፣ ታንኩም እንደ ልቡ ይተነፍሳል። ከሰል ነው እንግዲህ። እኛ ቤት በጆንያ ነበር።

አሁን ደግሞ ጭራሽ ታንክ የሌለው መኪና መጣ። እሑድ ሐያት ቤቴ አድርሳኝ ስትሄድ፣ ነገሩን የሚያስታውስ ዕቃ እንኳ ከዓለም ሊጠፋ ነው ብዬ አሰብኩና ፍርሃት ያዘኝ። ሰኞ ጠዋት አያት፣ እህቴ ቤት ሄድኩ። ዘሃራ ወደ ጨርቃ ጨርቅ ሱቋ ልትወጣ ስትል ደረስኩ። አስቀምጫት ከውታፉ እስከ ካርቡሬተሩ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።

"አባባ ያውቅ ነበር?" አለች።

"ያኔውኑ ነው ያወቀው።"

"ያን ሁሉ ስናገረው እያወቀ ነው የሚሰማኝ?"

"እያወቀ ነው።"

ስለ ሕክምናው አንድ ቃል አልጠየቀችኝም። ጀርባዋን ሰጠችኝ። ከዚያ፣ "በል ዛሬ ሂድልኝ" አለች። ሄድኩ።

ዛሬ ሐሙስ ነው፤ አልደወለችም፤ እኔም በየደቂቃው ስልኬን አያለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን እንቅልፍ የሚነሣኝ ያጎደልኩባት ፈተና ይመስለኝ ነበር። ሱቋ ጥሩ ነው፣ ልጆቿ ተምረዋል፣ ምን ቀረባት እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። አባቷን እንደወሰድኩባት ግን አላሰብኩም። ከዚያ ወረቀት ወዲህ ታክሲዋ ውስጥ ገብታ አታውቅም፤ በአንድ ማዕድ እየበላች፣ በበዓል ጉልበቱን እየሳመች፣ በልቧ ግን እንዳኮረፈችው ኖረች። አባቴም አንድ ቀን እንኳ ቃሌን ሳያስታውሰኝ፣ እኔ እስክናገር እየጠበቀ ሞተ።