«ለእርስዎ ብቻ» የሚለው ፋይል

ኢሜይል ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ቦሌ መንገድ ላይ፣ የነጋዴዎችን ዕቃ በአውሮፕላን ወደ ውጭ በሚልክ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። አለቃችን፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ነበሩ። ያለንን አንድ ኮምፒውተር ሥራ ሲያልቅ በነጭ ዳንቴል ይሸፍኑት ነበር።

አንድ ጠዋት ዱባይ ካለው ወኪላችን መልእክት መጣ። ርዕሱ በእንግሊዝኛ «ለእርስዎ ብቻ» ይላል። ውስጡ ደግሞ የጠየቁት ፋይል ከዚህ ጋር ተያይዟል፣ ለማንም እንዳያሳዩ የሚል ነው። ለእትዬ ተረጎምኩላቸው። እሳቸው ፋይል የሚባል ነገር ጠይቀው አያውቁም። ወኪሉ ግን ቁም ነገረኛ ሰው ስለሆነ፣ ጠይቄ ረስቼው ይሆናል አሉ።

«በይ አንቺም ውጪ» አሉኝ። «ለማንም እንዳላሳይ ተብሏል።»

ወጣሁ። የሒሳብ ሠራተኛውም ተከትሎኝ ወጣ። በረንዳው ላይ ቆመን አንድ አውሮፕላን ሲያርፍ አየን። ጥቂት ቆይተው እትዬ በሩን ከፈቱና ምንም እንዳልታያቸው ነገሩን። ደጋግመው ሞክረዋል። መነጽሬ ይሆን እንዴ ብለው ስለጠየቁኝ እኔም ገብቼ ከፈትኩት። ኮምፒውተሩ ትንሽ አሰበና ዝም አለ። ወደ ማምሻው ኢሜይል ለማውረድ የስልክ መስመሩን ስናገናኝ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ሲሠራ ቆየ። እኛም ደስ አለን፤ ብዙ ሥራ መጣ ብለን ነበር።

በማግስቱ ስልኩ አላረፈም። አንድ የሞጆ ቆዳ ነጋዴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የላክንለትን ለሚስቱ እንኳ እንዳላሳየ አረጋገጠልኝ። አንዲት አበባ ላኪ ነገሩ ጉምሩክን የሚመለከት ከሆነ በስልክ ባናወራው ይሻላል አለችኝ። አንድ ጀርመናዊ ደንበኛችን ኮምፒውተሩ መሥራት ማቆሙን በጨዋ ደንብ ገለጸልን። ለአንዳቸውም የላክነው ነገር አልነበረም።

የኮምፒውተር ጠጋኝ አስጠራን። መልእክቱን አየና ቫይረስ ነው አለ። የተያያዘው ነገር ሰነድ መስሎ የመጣ ፕሮግራም ነው፤ ሲከፈት በኮምፒውተሩ ውስጥ አድራሻው ላለ ሰው ሁሉ በከፋቹ ስም ራሱን ይልካል። እትዬ ታዲያ የዱባዩ ሰው ምን በደልነው አሉ። ምንም አልበደላችሁትም፣ እሱም እንደ እናንተ ከፍቶ ነው አላቸው።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተገለጠልን። ወኪላችን ሁልጊዜ የሚጽፍልን በአማርኛ ነበር፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። የእትዬን ጤና ሳይጠይቅ፣ የልጆቹን ደኅንነት ሳያበስር ወደ ጉዳይ ገብቶ አያውቅም። ይኼኛው መልእክት ሰላም እንኳ አላለንም።

ቀኑን ሙሉ ለደንበኞቻችን እየደወልኩ ያልከፈቱት እንዲያጠፉት፣ የከፈቱትም ጠጋኝ እንዲጠሩ ነገርኳቸው። አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ ገርጂ መጋዘን ያላቸው የወሎ ሰው፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ወደ ጅዳ የሚልኩ ሐጂ። አንድ ጊዜ ጭነታቸውን ዝናብ መትቶት፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይስማሙ ከእትዬ ጋር ከተኳረፉ ዓመት አልፏል። እትዬ፣ «እሳቸውን ተያቸው» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ሐጂ ራሳቸው መጡ።

«መልእክትሽ ደርሶኛል» አሏቸው ለእትዬ። «ማሽኑ አልከፍት ብሎኝ ነው። ለእርስዎ ብቻ ካልሽ ከአፍሽ ልስማው ብዬ መጣሁ።»

እትዬ ከዱባዩ መልእክት ጀምረው የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው፤ እኛን አስወጥተው በር መዝጋታቸውንም አልደበቁም። ሐጂ ሳያቋርጡ ሰሟቸው።

«እንግዲያ ለእኔ አልጻፍሽም።»

«አልጻፍኩም» አሉ እትዬ። «አድራሻዎን ግን ከኮምፒውተሩ አላስወጣሁትም።»

ሐጂ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሻይ ላመጣ ወጥቼ ስመለስ ስለዚያ ዝናብ እየተከራከሩ ነበር፤ ሸራ ማልበስ የነበረበት ጫኙ ነው ወይስ አስጫኙ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ተከራከሩ። ማንም አልተረታም። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ኮረሪማው በእኛ በኩል ሄደ።

ከዚያ ወዲህ በቢሮአችን ሳንጠይቅ የመጣ ፋይል፣ የላከው ወንድም ቢሆን፣ ተደውሎ ሳይጠየቅ አይከፈትም ተባለ። ደንቡ ሠራ። አንዴ በሞጆው ነጋዴ ስም አንድ ፋይል መጣ፤ ስንደውልለት እሱ የላከው ነገር የለም፣ አጠፋነው። ከርሞ ደግሞ ከጀርመናዊው ፎቶ ነው የሚል መጣ። ሀምቡርግ ድረስ ደወልን። ሰውዬው ልጁን ድሮ ኖሮ የሠርጓን ፎቶ ልኮልን ነው፤ መጠየቃችን ትንሽ ቅር አሰኝቶታል። እትዬ በእኔ አስተርጓሚነት ይቅርታ ጠየቁት፣ እንኳን ደስ ያለህም አሉት። ከዚያ ሁላችንም ኮምፒውተሩ ዙሪያ ቆመን ከፈትነው። ሙሽራዋ ቁርጥ አባቷን ነበረች።