አክስቴ የገዛ ድምፅዋን ስትጠብቅ

አክስቴ የሥራ ዕድሜዋን የጨረሰችው በአንድ ሆስፒታል የስልክ ማዞሪያ ክፍል ነው። መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ስልክና አንድ እግሩ የሚወላገድ ወንበር። ደዋይ ሲበዛባት «አልረሳሁዎትም፣ ይጠብቁኝ» ትልና ሌላውን ታነሳለች። ትመለሳለችም። ቤቷ ድስት ጥዳ የምትረሳ ሴት፣ ስልክ ላይ ያቆየችውን ሰው ግን ረስታ አታውቅም።

አዲስ ነገር ደግሞ ነፍሷ ነው። ስልኩን በራሱ የሚመልስ ማሽን ሊገባ ነው ሲባል ባልደረቦቿ አኮረፉ። እሷ ምን ገዷት፣ «ዓለም ወደፊት ስትሄድ ቀሚሷን ይዤ ልጎትታት?» ብላ ጡረታዋን በደስታ ተቀበለች። ጭራሽ የማሽኑ ድምፅ እንድትሆን ተመረጠች። ድምፅ ለመቀረጽ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ሽቶ ተቀብታ ሄደች። በሳቅ ሞትን። በተሰጣት ጽሑፍ ላይ ያቺን የለመደቻትን «አልረሳሁዎትም» የጨመረችው በገዛ ሥልጣኗ ነው።

ከጊዜ በኋላ ባሏን የዓይን ሞራ ጋረደው። ቀጠሮ ልታስይዝለት ለዚያው ሆስፒታል ደወለች።

«አልረሳሁዎትም፣ ይጠብቁኝ» አላት የገዛ ድምፅዋ።

መጀመሪያ ኮራች፤ እኛንም ጠርታ አሰማችን። ጠበቀች። ሻይዋ ቀዘቀዘ። ድምፁ «አልረሳሁዎትም» ይላል፣ ይደግማል፣ ሰው የሚባል ግን ዝር አይልም። በማግስቱም እንደዚያው።

«የት አባትሽ ሄደሽ ነው አንቺ?» አለቻት፣ ራሷን።

ባሏ ሶፋው ላይ እንደተጋደመ፣ «ስትጓጊለት የኖርሽው ሥልጣኔ አይደል? ታገሺዋ» አላት።

«ይምጣ አልኩ እንጂ፣ መጣሁ እያለ ይቅር አልኩ?» ብላ ጫማዋን አጠለቀች። እኔም ተከተልኳት።

የሆስፒታሉ ኃላፊ ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበላት። «እናታችን፣ የባለቤትዎን ቀጠሮ አሁኑኑ አስይዛለሁ።»

«ተባረክ። እሱን ያዝልኝ። ግን ያቺን ቃል አውጣልኝ።»

«ደዋዮቹ እኮ ከሁሉ የሚወዷት እሷን ነው።»

«ይወዷታላ። እኔን አምነው ነዋ የሚጠብቁት።» ድምፅዋ ተሰበረ። «በስተርጅናዬ ውሸታም አደረጋችሁኝ፣ ልጄ።»

ስስቅባት የነበርኩት ሰውዬ የምገባበት ጠፋኝ። ኃላፊውም የድምፅ መቅረጫውን አስመጣላት። ምን ማለት እንደምትፈልግ ጠየቃት። ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ወንበሩን ጠጋ አደረገች፣ እንደ ወትሮው በለስላሳ ድምፅ ተናገረች።

«ይቅርታ፣ አሁን ስልኩን የሚያነሳ ሰው የለም። በከንቱ አይጠብቁኝ።»